«ሞተርሽ ውስጥ ምን ነበር?» ብለው የሚጠይቁት የኮምቦልቻው ዘይት ቀያሪ

ይህን የምጽፈው ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ መኪና ለምትነዱ፣ በተለይ «ዘይት ደባልቄ ጨመርኩ፣ ሞተሬ አለቀለት» ብላችሁ እንቅልፍ ላጣችሁ ነው። ኮምቦልቻ፣ ወደ ባቲ በሚያስወጣው መንገድ ዳር፣ ጎሚስታዎቹ ጎን ለጎን ከሚሠሩበት አካባቢ አንድ ትንሽ ዘይት መቀየሪያ ቤት አለ። ስም የለውም። ሰማያዊ የቆርቆሮ በሩ ላይ በነጭ ቀለም «ዘይት እንቀይራለን» ተብሎ ተጽፏል፣ በቃ። ባለቤቱን ሁሉም ሰው «ሀጂ» ነው የሚላቸው። ከታኅሣሥ ወዲህ ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። ሥራቸውን በጣም ወድጄዋለሁ። ያልተመቸኝም ነገር አለ፣ እሱንም እነግራችኋለሁ።

መኪናዬ ያሪስ ናት፣ 1.3 ቤንዚን። ከፊልትሮው ጋር ሲቀየር 3.7 ሊትር ዘይት ትወስዳለች። ቤቴ ደሴ ሆጤ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው። ስለዚህ ከሰኞ እስከ ዓርብ ጠዋት የሐረጎን ዳገት እወርዳለሁ፣ ማታ እወጣለሁ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ግን ደሴ ያለችው 2500 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1850 አካባቢ፤ እናም ማታ ማታ ከ600 ሜትር የማያንስ ከፍታ በጠመዝማዛ መንገድ፣ ከፊቴ የጫነ ሲኖትራክ እያዘገመ፣ እኔም ከኋላው በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ እየተከተልኩ ነው የምወጣው። ጠዋት ደግሞ፣ በተለይ ኅዳርና ታኅሣሥ፣ የጦሳ ተራራ ብርድ አጥንት በሚሰብርበት ሰዓት ነው ሞተር የማስነሳው። ጠዋት ብርድ፣ ማታ ዳገት። ዘይት የሚፈተነው በእነዚህ በሁለቱ ነው።

ታኅሣሥ ላይ ከአዲስ አበባ ስመለስ ምሳ ለመብላት ከሚሴ ቆምኩ። ከመነሳቴ በፊት ኮፈኑን ከፍቼ ዘይት አየሁ። አባቴ ያስለመደኝ ነገር ነው፣ ረጅም መንገድ ላይ ሳላይ አልሄድም። መለኪያውን ጠርጌ መልሼ ሳወጣው ዘይቱ ከታችኛው ምልክት ሥር ነው። ደነገጥኩ። ሞተሬ ውስጥ የነበረው 5/30 (የውፍረት ቁጥሩ ነው፣ በኋላ አስረዳለሁ) ሲንተቲክ፣ ማለትም ፋብሪካ ውስጥ በኬሚካል የተሠራው ነው። እዚያ ያገኘሁት ሱቅ ያለው ደግሞ 20/50 ብቻ፣ እሱም ተራው ሚኒራል፣ ማለትም ከድፍድፍ ነዳጅ ተጣርቶ የሚወጣው። ሌላ ሱቅ ጠየቅሁ፣ እዚያም ሃያ ሃምሳ። ቤቴ ለመድረስ ገና ሐረጎ ይቀረኛል፣ ዘይት የጎደለው ሞተር ይዤ ሐረጎን መውጣት ደግሞ አልፈልግም። አንድ ሊትር ገዝቼ ጨመርኩ። መለኪያው ላይ ከታችኛው ምልክት እስከ ላይኛው ያለው ልዩነት በብዙ የቤት መኪና ወደ አንድ ሊትር ይጠጋል፤ የኔም ወደ ላይኛው ተጠጋ። ባዶውን ጠርሙስ ኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ አስቀመጥኩት። ማስቀመጤ በኋላ ጠቀመኝ።

በማግስቱ ደሴ ውስጥ አንድ ጋራዥ ገብቼ ነገሩን ሳወራ መካኒኩ ራሱን ነቀነቀ። «ሁለት ዓይነት ዘይት ሲገናኝ ይረጋል፣ እንደ እርጎ ነው የሚሆነው። ሥሩ ተፈቶ በናፍጣ መታጠብ አለበት» አለኝ። መኪናዋን ለሁለት ቀን ተዪልኝ አለ፣ የጠራው ገንዘብም ቀላል አልነበረም። ከዛ ለኔ ማስረዳቱን ትቶ «ወንድም ካለሽ እሱን ላኪውና እንነጋገራለን» ብሎኝ ወደ ሥራው ዞረ። መኪናዋ የኔ ናት፣ የምነዳት እኔ ነኝ፣ ዘይቱን የጨመርኩትም እኔ ነኝ። በጣም ነው የከፋኝ። ቢሆንም ፍርሃቱ አልለቀቀኝም። ሞተር ማውረድ ምን ያህል እንደሚያስወጣ የምታውቁ፣ ያን ሌሊት እንዴት እንዳደርኩ ይገባችኋል።

ወደ ሀጂ የላከኝ የመሥሪያ ቤታችን የሰርቪስ ሾፌር ነው። «እሳቸው ከመሸጣቸው በፊት ይጠይቃሉ» አለኝ። እውነቱን ነው።

ስደርስ ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው የወጣ ፊልትሮ እያገላበጡ ሲያዩ ነበር። ሰላምታው የወሎ ሰላምታ ነው፣ ጤና፣ ቤተሰብ፣ ዝናቡ፣ መንገዱ። ከዛ «ምን ሆንሽ ልጄ?» አሉኝ። ነገርኳቸው።

«ሞተርሽ ውስጥ ምን ነበር?»

«5/30 ነው ሀጂ።»

«የጨመርሽውስ?»

«20/50።»

«ስንት?»

«አንድ ሊትር።»

«ዕቃው አለሽ?»

ጠርሙሱን አመጣሁላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ከኋላው ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት። ኤፒአይ ከሚለው የደረጃ ምልክት አጠገብ ኤስኤል የሚል አገኙ። «የቤንዚን ሞተር ዘይት ነው። አብሽሪ፣ ሞተርሽ ምንም አልሆነም» አሉኝ። ትከሻዬ ላይ የነበረ ሸክም ሲወርድ ተሰማኝ።

ግን በቃል ብቻ አልሸኙኝም። መለኪያውን አውጥተው አንድ ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ ጣሉና ሻይ ጠጥተን እስክንጨርስ ተዉት። ጠብታው ሲሰፋ ከመሃል ወደ ዳር ቀስ እያለ እየደበዘዘ ከሄደ ዘይቱ ቆሻሻውን አሁንም በትኖ ተሸክሞታል ማለት ነው። መሃል ላይ ጥቁር ዝቃጭ ተሰብስቦ፣ ዙሪያው በቢላ እንደተቆረጠ ሆኖ ከቆመ ግን ዘይቱ ደክሟል። የኔው እየደበዘዘ ነበር የሄደው። ቀጥለው የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍተው ውስጡን አሳዩኝ። «እርጎ የሚመስል ነገር ካየሽ ያኔ ፍሪ። እሱ ግን ውሃ የሚያመጣው ነው እንጂ ሌላ ዘይት የሚያመጣው አይደለም» አሉ። በብርድ ወቅት አጭር አጭር መንገድ ብቻ የሚሄድ መኪና ክዳኑ ላይ ትንሽ ነጣ ያለ ነገር ሊታይ ይችላል፣ ያ የጤዛ ጉዳይ ነው። መለኪያው ላይ ያለው ዘይት ራሱ ወተት ከመሰለ ግን የራዲያተሩ ውሃ ወደ ዘይቱ እየገባ ነው፣ መኪናውን አቁሙ። ደሴ ያለው መካኒክ እርጎ ያለኝ ነገር ከዚህ ጋር ተምታቶበት ይሆናል። ሀጂ ለዚህ ሁሉ አንድ ብር አልተቀበሉኝም።

ቤት ገብቼ ስለ ጉዳዩ በደንብ አነበብኩ። ሀጂ ልክ ናቸው። ኤፒአይ የሚባለው የአሜሪካው የነዳጅ ኢንስቲትዩት ምልክቱን የሚሰጠው የሞተር ዘይት ከሌሎች የሞተር ዘይቶች ጋር ሲደባለቅ እንዳይለያይ የሚፈተንበት መስፈርት አለው። ሰሚ ሲንተቲክ ተብሎ የሚሸጠውም ራሱ ፋብሪካ ውስጥ ሲንተቲክና ሚኒራል ተደባልቆ የሚሠራ ነው። ስለዚህ የሞተር ዘይት ከሞተር ዘይት ጋር ቢገናኝ አይረጋም። በዘይት እጥረት ከመንዳት ደግሞ ያገኙትን የሞተር ዘይት ጨምሮ መንዳት በብዙ እጅ ይሻላል። ከሚሴ ላይ ያደረግሁት ትክክል ነበር።

ይህ ማለት ግን መደባለቅ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ቁጥሮቹን ልንገራችሁ። ዕቃው ላይ ከመጀመሪያው ቁጥር ቀጥሎ ያለችው ደብልዩ የፈረንጆቹን ክረምት፣ ማለትም ብርዱን ነው የምታመለክተው። የመጀመሪያው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ጊዜ እንዴት እንደሚፈስ ይናገራል፣ ቁጥሩ ባነሰ መጠን በብርድ ቶሎ ይሮጣል። ሁለተኛው ቁጥር ዘይቱ 100 ዲግሪ ሲደርስ ምን ያህል ወፍራም ሆኖ እንደሚቆይ ነው። የኔ 2.7 ሊትር ገደማ 5/30 ላይ 1 ሊትር 20/50 ሲገባ በሙቀት ጊዜ ከ30 ወፈር ያለ፣ ወደ 40 የተጠጋ ዘይት ይወጣል። ሐረጎን ስወጣ እሱ አይጎዳኝም። የሚጎዳኝ ጠዋት ነው። ያ የ5 የብርድ ጠባዩ ተበላሽቷል። ደሴ ላይ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ሲነሳ ዘይቱ ሞተሩ አናት ላይ ለመድረስ ይዘገያል፣ ሞተር ደግሞ ብዙ የሚበላው በእነዚያ የመጀመሪያ ሰከንዶች ነው።

ሌላው የዘይቱ ቅመም ነው። እያንዳንዱ ፋብሪካ ቆሻሻ የሚያጥብ፣ ብረት እንዳይፋቅ የሚከላከል፣ አረፋ የሚያጠፋ ነገር በራሱ ልክ መጥኖ ይጨምራል። ሁለት ዓይነት ስትደባልቁ የሁለት ቤት በርበሬ ቀላቅሎ ወጥ እንደመሥራት ነው። ወጡ ይበላል፣ ማንም አይታመምም፤ ግን የአንዷም ሴት ሙያ አይደለም። ሲንተቲክ 10,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ብላችሁ ገዝታችሁ ሚኒራል ከጨመራችሁበት ከእንግዲህ የምትቆጥሩት በሚኒራሉ ነው።

ሀጂ ያሉኝም ይህንኑ ነው። «ኪስሽ ከፈቀደ ዛሬ ቀይሪው። ካልፈቀደ 1000 ኪሎ ሜትር ንጂበትና ነይ፣ ምንም አትሆኚም።» ዘይት ሻጭ ሰው ዛሬ ሳትገዢ ሂጂ ሲል ከዚህ በፊት አልሰማሁም። በቀን 50 ኪሎ ሜትር ስለምነዳ አንድ ወር ያህል ነድቼበት ጥር መጨረሻ ላይ ተመለስኩ።

ያን ቀን ከፊቴ አንድ ሚኒባስ ነበር። ሞተሩ ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ ግቢውን ሞላው። ሾፌሩ «ሀጂ፣ ትንሽ 90 ቀላቅሉልኝ፣ ጭሱን ያቆምልኛል» አለ። ሀጂ እምቢ አሉ። ለመናቸው። እምቢ። «ሌላ ቦታ ያደርጉልኛል እኮ» አለ በቁጣ። «ያድርጉልህ ልጄ፣ እኔ ግን በእጄ አላደርገውም» አሉት።

ይሄን ነገር ብዙ ሾፌር ስለሚያደርገው ትንሽ ልቆይበት። 90 የካምቢዮና የዲፈረንሻል፣ ማለትም የማርሽ ጥርሶች ዘይት ነው። ሰው 90 ሲያይ ከ50 በጣም ይወፍራል ብሎ ያስባል። አይደለም፣ የማርሽ ዘይት ቁጥር የሚለካበት መንገድ ሌላ ነው። ሞተሩ በሚሞቅበት ደረጃ 90 የማርሽ ዘይት ከ40 ወይም ከ50 የሞተር ዘይት ጋር ተቀራራቢ ውፍረት ነው ያለው። ስለዚህ የተፈለገውን እንኳ አይሠራም። የሚጨምረው ግን ጣጣ ነው፤ ቅመሙ ጥርስ ከጥርስ ጋር ለሚጫን ብረት ተብሎ የተሠራ፣ ድኝ ያለበት ነው፣ ያ የሚሸተው ሽታ እሱ ነው። የሞተርን ጥቀርሻ የሚያጥብ ነገር ደግሞ የለውም። ሞተር ውስጥ የሚፈጠረውን እሳትና ጥቀርሻ እንዲችል አልተሠራም። ሰማያዊ ጭስ የሚመጣው ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ስላለቀ ወይም የቫልቮላ ጎማው ስለደረቀ ዘይት እየተቃጠለ ነው፣ 90 ፋሻ አይሆንም። ሀጂ ለሾፌሩ ያሉት «እስክታሠራው ድረስ 20/50 ይዘህ ሂድ፣ በየማለዳው ለካ፣ ሲጎድል ጨምር» ነው። ሾፌሩ ከቁጣው በረድ ብሎ ሁለት ሊትር ገዝቶ ሄደ።

ባጃጅ ያላችሁም ተጠንቀቁ። የባጃጅና የብዙ ሞተር ሳይክል ፍሪሲዮን የሚሠራው እዚያው የሞተር ዘይት ውስጥ ነክሮ ነው። ለቤት መኪና ነዳጅ እንዲቆጥብ ተብሎ በጣም እንዲያንሸራትት የተሠራ ዘይት ከጨመራችሁበት ፍሪሲዮኑ መንሸራተት ይጀምራል። ጃሶ ኤምኤ የሚል ጽሑፍ፣ ማለትም ዘይት ውስጥ ለሚሠራ ፍሪሲዮን ይሆናል የሚል የጃፓኖች ምልክት ያለበትን ነው መግዛት። ሀጂ የባጃጅ ልጆች ሲመጡ ይህን ሳይሰለቹ በየቀኑ ይናገራሉ። ስለ ፊደሎቹም አንድ ነገር ልበል፦ በኤስ የሚጀምረው ለቤንዚን፣ በሲ የሚጀምረው ለናፍጣ ነው። ሁለቱንም የያዘ ዕቃ ብዙ አለ፣ ለሁለቱም ተፈትኗል ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልመለስ። ስለ ድብልቅ ሲወራ እኔን የሚያስፈራኝ ከሚሴ ላይ የጨመርኩት ሊትር አይደለም። እሱን አውቀዋለሁ፣ ምን እንደሆነ፣ ስንት እንደሆነ፣ መቼ እንደገባ። የሚያስፈራኝ ማንም የማያውቀው ድብልቅ ነው። አስቡት፣ ያሪስ 3.7 ሊትር ትወስዳለች፣ ጀሪካኑ 4 ሊትር ነው። ትራፊው የት ይሄዳል? ትራፊውን ሁሉ አንድ ዕቃ ውስጥ አጠራቅሞ፣ የናፍጣውን ከቤንዚኑ፣ ወፍራሙን ከቀጭኑ፣ አንዳንዴም የካምቢዮውን ጨምሮ፣ «ርካሽ አለ» ብሎ በሊትር የሚሸጥ ቤት በዓይኔ አይቻለሁ። ገዢው ሞተሩ ውስጥ ምን እንደገባ መቼም አያውቅም።

ሀጂ ቤት ጀሪካኑ ከነእሽጉ እጃችሁ ላይ ይሰጣችኋል። እናንተ ናችሁ እሽጉን የምትሰብሩት። የተረፈችው 0.3 ሊትር ገደማ ዘይት ደረቅ ሃይላንድ ውስጥ ትገባና ላይዋ ላይ በማርከር «5/30»፣ ቀኑና ኪሎ ሜትሩ ተጽፎባት ትመለስላችኋለች። እኔ እሷን መኪናዬ ውስጥ ይዤ ነው የምዞረው፣ ሲጎድል የምጨምረው ያንኑ ዘይት እንዲሆን። ከዛ ልጁ ባዶውን ጀሪካን አንገቱን በቢላ ይቆርጠዋል፣ እዚያው ፊታችሁ። ለምን እንደሆነ ስጠይቅ ሀጂ «ያልተቆረጠ ባዶ ጀሪካን ገዢ አለው ልጄ፤ ነገ ሌላ ነገር ተሞልቶበት ሊመለስ ይችላል» አሉኝ። ዘይት የምትቀይሩበት ቦታ ሁሉ ይህን ጠይቁ። ካልቆረጡላችሁ ባዶውን ይዛችሁ ሂዱ።

የተቃጠለው ዘይትም ሜዳ ላይ አይደፋም። በርሜል ውስጥ ይጠራቀምና ግንበኞች ለፎርም ሥራ ጣውላ፣ ገበሬዎች ደግሞ የአጥር እንጨት ምስጥ እንዳይበላው ይወስዱታል። የቦርከና ወንዝ እዚህ ቅርብ ሆኖ ዘይት ወደ ቦይ ሲለቀቅ ማየት ሁሌም ያናድደኝ ስለነበር፣ ይህን ሳይ ደስ አለኝ።

ሦስተኛው ጉዞዬ ሰኔ ላይ ነበር፣ 5000 ኪሎ ሜትር ሲሞላ። ሲንተቲኩ ከዚያ በላይ ይሄዳል ይባላል፣ ግን ዳገትና አቧራ ላለበት መንገድ ሀጂ በ5000 ነይ ነው የሚሉት፣ እኔም ተስማማሁ። ፊልትሮውን ሲያስሩ የላስቲኩን ዙሪያ አዲስ ዘይት ቀብተው በእጅ ብቻ አጠበቁት። የማፍሰሻው ብሎን ሮንዴላም ሳልጠይቅ ተቀየረ።

አሁን ያልተመቸኝን ልንገራችሁ። በሰኔው ጉዞ ሀጂ ለስግደት ሄደው ስለነበር ልጁ ብቻውን ነበር የሚሠራው፣ እናም ሙሉውን 4 ሊትር ገለበጠው። መለኪያውን እኔ ራሴ ሳየው ከላይኛው ምልክት አልፏል። ዘይት ሲበዛም ጥሩ አይደለም፣ ክራንኩ (ሞተሩ ሥር የሚሽከረከረው ዘንግ) ሲመታው አረፋ ይሆናል፣ አረፋ ደግሞ ብረትን በደንብ አያለሰልስም። ነገርኩት፣ ሳያጉረመርም ትርፉን አወጣልኝ፣ ሀጂም ሲመለሱ ይቅርታ ጠየቁኝ። ግን እኔ ባላየው ኖሮ እንደዛው ነበር የምሄደው። ልጁ ትጉህ ነው፣ መለካት ላይ ግን መቸኮሉን መተው አለበት።

ግቢው ጥላ የለውም፣ ሲሚንቶም አልፈሰሰበትም። በበጋ አቧራ ነው፣ ሰኔ ላይ ጭቃው ቁርጭምጭሚት ድረስ ነበር፣ የዘይት መሙያ ክዳን ተከፍቶ ባለበት አቧራ ሲነሳ ልቤ ይሰጋል። ቁጭ የሚባልበት አንድ አግዳሚ ብቻ ነው ያለው። የፊልትሮ ዋጋ አልተለጠፈም፣ ሁለቴ የተለያየ ዋጋ ነው የከፈልኩት፣ ምክንያቱ ሲነገረኝ አሳማኝ ቢሆንም ተጽፎ ባየው ደስ ይለኝ ነበር። 5/30 አንዳንድ ቀን የለም፣ ሲጠፋ «15/40 ውሰጂ» ብለው አይጫኑም፣ መቼ እንደሚመጣ ይነግሯችኋል፣ ያ ጥሩ ነው፣ ግን እኔ አንድ ጊዜ በከንቱ ሄጄ ተመልሻለሁ። የመሥሪያ ቤት መኪና የምትነዱ ደግሞ ደረሰኝ እንደማይሰጡ እወቁ፣ ለሂሳብ ክፍል የሚሆን ወረቀት አታገኙም። ይሄ ቢስተካከል ብዙ ሰው ይመጣላቸው ነበር።

የእጅ ሥራ 200 ብር ነው የከፈልኩት። ጠዋት ከ2 ሰዓት እስከ ማታ 12 ይሠራሉ፣ ዓርብ ለጁምዓ ከ6 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ዝግ ነው። በጠዋት ብትሄዱ ይሻላል፣ ከሰዓት የአይሱዙ ወረፋ ይይዛችኋል፣ የአንድ አይሱዙ ዘይት እስኪወርድ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። አሁን ያለውን ዘይት ዓይነት የማታውቁ ከሆነ ባለፈው የቀየረላችሁን ሰው ጠይቃችሁ፣ ቁጥሩን ጽፋችሁ ሂዱ፣ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው። ከደሴ የምትወርዱ ሰዎች ደርሳችሁ ወዲያው እንዲፈታላችሁ አትቸኩሉ። ሐረጎን የወረደ ሞተር ዘይቱ ይፈጃል፣ 10 ደቂቃ አስቁመው ነው የሚከፍቱት፣ ሻዩን እዚያው አጠገብ ካለችው ልጅ ታገኛላችሁ።